ከጣና ዳር እስከ ሮም፤ የወጣት ተሳላሚዎች መንገድ

እ.ኤ.አ. በ1441 ጥቂት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ከኢየሩሳሌም ተነሥተው፣ ባሕር ተሻግረው ፍሎረንስ ገቡ። የላኳቸው በቅድስቲቱ ከተማ የኢትዮጵያውያን ማኅበር አለቃ የነበሩት አባ ኒቆዲሞስ ናቸው። ቃል የሚያቀርብላቸው ጴጥሮስ የሚባል ዲያቆን ነበር። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት አውጌንዮስ አራተኛ የምሥራቅንና የምዕራብን አብያተ ክርስቲያናት አንድ ለማድረግ በጠሩት ጉባኤ ፊት ዲያቆኑ ቆሞ ተናገረ። ከዙፋን የመጣ መልእክት አልነበረም፤ በአገር ቤት የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ይህን ጉዞ አላዘዙም። ጉዳያቸው ከተሰማ በኋላ እንግዶቹ ከግብፃውያን መነኮሳት ጋር ወደ ሮም ወረዱና የከተማዋን ቅዱሳት ንዋያት ተሳለሙ። ፊላሬቴ የተባለ ቀራጺ በ1445 በጨረሰው የነሐስ በር ላይ የጉባኤውን ልዑካን ቀረጻቸው። ያ በር ዛሬም የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ዋና በር ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከፍሎረንሱ ጉባኤ አርባ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1480 ገደማ፣ ሲክስቶስ አራተኛ ከዚያው ባዚሊካ ጀርባ ያለችውን የቅዱስ እስጢፋኖስን ቤተ ክርስቲያን ለኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች ማረፊያ አደረጓት። ሮማውያን የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ይሏታል። ከቫቲካን ቅጥር ውስጥ ዛሬ ቆመው ካሉት አብያተ ክርስቲያናት በዕድሜ የምትቀድመው እርሷ ናት። አንድ ወጣት መነኩሴ ከጎጃም ወይም ከሸዋ ተነሥቶ ኢየሩሳሌምን ከተሳለመ በኋላ ልቡ የጴጥሮስንና የጳውሎስን መቃብር ከተመኘ፣ ከባሕር ማዶ ግዕዝ የሚሰማበትና ማዕድ የሚቆርስበት ቤት ይጠብቀዋል ማለት ነው።

መንገዱ ግን ጨካኝ ነበር። በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር መጥቶ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ስድስት ዓመት የኖረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ከሦስት መቶ በላይ ሆነው ወደ ኢየሩሳሌም የተነሡ መነኮሳትና መነኮሳይያት በጉዞ ላይ የደረሰባቸውን ጽፎ አቆይቷል። ሽፍቶች ከበቧቸው፤ ሽማግሌዎቹን ገደሉ፤ ወጣቶቹን ማርከው ሸጡ። ያመለጡት በጣም ጥቂት ናቸው። ይህ ወሬ በየገዳሙ ሲሰማ ብዙ ሰው ከመንገድ ቀርቶ ይሆናል። ሌሎች ግን መሄዳቸውን አላቆሙም። ከእነዚያ አንዱ ተስፋ ጽዮን ነው።

ተስፋ ጽዮን የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ ነበር። በ1530ዎቹ መጀመሪያ የኢማም አሕመድ ጦር ደብረ ሊባኖስን አቃጠለ፤ ገዳማት ፈረሱ፤ መጻሕፍት በየዋሻው ተደበቁ። ተስፋ ጽዮን በኢየሩሳሌም በኩል አልፎ ከጓደኞቹ ጋር ሮም ሲደርስ ዕድሜው ከሠላሳ አይበልጥም ነበር። በቅዱስ እስጢፋኖስ አረፈና በዚያው ቀረ። ሮማውያን ጴጥሮስ ሐበሻዊ አሉት። ከርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ ሦስተኛ ጋር ተዋወቀ፤ ኋላ ማርቼሎስ ሁለተኛ ተብለው መንበሩን የያዙት ካርዲናል ማርቼሎ ቼርቪኒ ደጋፊው ሆኑ። የኢየሱሳውያንን ማኅበር የመሠረተው ኢግናጥዮስ ዘሎዮላም ስለ ኢትዮጵያ ከእርሱ ተምሯል።

ይህ ወጣት ለአገሩ የሠራው ትልቁ ሥራ የግዕዝ ሐዲስ ኪዳን ነው። በ1548 እና በ1549 በሮም ታተመ። አታሚዎቹ ፊደሉን አያውቁም ነበር፤ ስለዚህ ተስፋ ጽዮን ለአንባቢዎቹ በጻፈው መቅድም ስለ ስሕተቱ ይቅርታ ለመነ። ከኢትዮጵያ የመጣው የሐዋርያት ሥራ ቅጂ ጎደሎ ስለነበር የጎደለውን እየተረጎመ ሞላው። እያንዳንዱ ገጽ ምን ያህል ድካም እንደጠየቀ ለመገመት የማተሚያ ቤት ሰው መሆን አያስፈልግም። ገና በአርባዎቹ መጀመሪያ ሳለ አረፈ። አገሩን ዳግመኛ አላያትም። የታተመው መጽሐፉ ግን በአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት ሁሉ ገባና ግዕዝን ለመማር የሚፈልግ ሁሉ የሚጀምርበት ሆነ።

በዚያው ቤት አብሮት የኖረ ሌላ ወጣት ነበር፤ ዮሐንስ ይባላል። በ1509 አካባቢ በቆጵሮስ ደሴት ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወለደ። የወላጆቹን አገር ምድር ሳይረግጥ አደገ። በወጣትነቱ የተሳላሚነትን ኑሮ ያዘ፤ የሜዲትራንያንን ባሕር ዳርቻ አቋርጦ እስከ ፖርቱጋል ዘለቀ፤ በመጨረሻ ሮም ገብቶ በቅዱስ እስጢፋኖስ ተቀመጠ። በ1560ዎቹ የካቶሊክ ጳጳስ ሆኖ ተሾመ። ከአፍሪካ ልጆች ለዚህ ማዕረግ ከበቁት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ዮሐንስን ወደዚያ ያደረሰው የንጉሥ ደብዳቤ ሳይሆን መንገዱ ነው።

አሁን ታሪኩ ወደ አገር ቤት፣ ወደ ጣና ይመለሳል።

በ1603 ፔድሮ ፓኤዝ የተባለ ስፔናዊ ኢየሱሳዊ ቄስ ኢትዮጵያ ገባ። ግዕዝና አማርኛ ተማረ፤ በትሕትናውና በዕውቀቱ በቤተ መንግሥት ተወደደ። በሚያዝያ 1618 ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ ግሽ ዓባይን አየ። በ1622 ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ። ፓኤዝ በዚያው ዓመት በጣና ዳሯ ጎርጎራ ሞተ። በእርሱ ቦታ የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስ ሌላ ዓይነት ሰው ነበር። በ1626 ንጉሡና መኳንንቱ በፊቱ ተንበርክከው ለሮም ታዛዥነታቸውን በመሐላ አረጋገጡ፤ ከዚያ በኋላ ሜንዴስ ካህናቱ እንደገና ክህነት እንዲቀበሉ፣ ምእመናኑ እንደገና እንዲጠመቁ፣ የጾምና የበዓል ቀናት እንዲለወጡ አዘዘ። በሐዋርያት መቃብር ላይ ለመጸለይ ሰዎች አገር አቋርጠው፣ ሕይወታቸውን አስይዘው ሲፈልጉት የነበረው እምነት በአዋጅና በሰይፍ መጣ።

ዛሬ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ ዓባይን ተሻግሮ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ሲነዳ ሐሙሲት ይደርሳል። ከከተማዋ በስተምዕራብ፣ ሐይቁ ዳር፣ ቆራጣ አለች፤ የቆራጣ ወለተ ጴጥሮስ ገዳም ያለው በዚያ ነው። ወለተ ጴጥሮስ በ1592 የተወለደች የመኳንንት ልጅ ነበረች። ባሏ መልክአ ክርስቶስ የሱስንዮስ አማካሪ ነበር። በ1617 ንጉሡን የተቃወሙት ጳጳስ አቡነ ስምዖን በጦርነት ሲገደሉ ባሏ ከንጉሡ ወገን ነበር። እርሷ ሃያ አምስት ዓመት ያህል ቢሆናት ነው። ከዚያ በኋላ ቤቷን ለቃ ወጣች፤ ጸጉሯን ተላጭታ መነኮሰች፤ ሰዉ የአባቶቹን ሃይማኖት እንዳይለቅ በጣና ዳርና ደሴቶች እየዞረች ሰበከች። ሜንዴስ ራሱ ሊያሳምናት ሞከረ፤ አልተሳካለትም። ሦስት ዓመት በስደት ታሰረች። ከእኅተ ክርስቶስ ጋር ሆና ሰባት ማኅበራትን አቋቋመችና በ1642 ዐረፈች። ገድሏ በ1672 ተጻፈ።

ይህ የጣና ዳር ታሪክ ለካቶሊኩም ለኦርቶዶክሱም ወጣት እኩል ሊነገር ይገባል። ወለተ ጴጥሮስና ተስፋ ጽዮን በተቃራኒ ወገን የቆሙ ይመስላሉ። ነገር ግን ሁለቱም በወጣትነታቸው የሞቀ ቤታቸውን ትተው ለሚያምኑት ነገር መንገድ የወጡ ናቸው። የጣናን ዳር በደም ያራሰው የተሳላሚ ጉዞ አይደለም። አዋጁ ነው። በሰኔ 1632 የሱስንዮስ ጦር በወይና ደጋ ከላስታ ዐመፀኞች ጋር ተዋጋና ስምንት ሺህ ያህል ገበሬ ወደቀ። ንጉሡ ድሉን አይተው አልተደሰቱም፤ በዚያው ወር ሕዝቡ ወደ ቀድሞ ሃይማኖቱ እንዲመለስ ዐወጁ። በመስከረም ሞቱ። ልጃቸው ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ።

በዚያው ዓመት፣ በ1632፣ ጸጋ ክርስቶስ የሚባል ወጣት ኢየሩሳሌም ደረሰ። እርሱ እንደሚለው የዐፄ ያዕቆብ ልጅ ነበር። ዐፄ ያዕቆብ በ1607 ጎጃም ውስጥ ከሱስንዮስ ጋር ሲዋጉ የተገደሉት ናቸው። ወጣቱ ከፍራንቸስካውያን መነኮሳት ጋር ተጠጋ፤ የካቶሊክን እምነት ተቀበለ፤ እነርሱም ወደ ሮም ወሰዱት። በሞንቶሪዮ በሚገኘው የቅዱስ ጴጥሮስ ገዳም ተቀመጠ፤ ወደ አገሩ በሚላኩ ሚሲዮናውያን መሪነትም ታሰበ። ዕድሜዬ ነው ያለው ከያዕቆብ የሞት ዘመን ጋር አልገጠመም፤ ብዙ ሰው ልዑልነቱን ተጠራጠረ። ከሮም ወደ ቶሪኖ፣ ከዚያም ወደ ፓሪስ ሄደ። ጆቫና ጋርዞኒ የተባለች ሠዓሊ በ1635 ትንሽ ምስሉን ሣለች፤ በጀርባውም ስሟን በላቲን ብቻ ሳይሆን በኢትዮጵያ ፊደልም ጻፈች። ፊደሉን ከእርሱ ካልሆነ ከማን ትማረው? በሚያዝያ 1638፣ ገና ወጣት ሳለ፣ ከፓሪስ ወጣ ብላ በምትገኘው ሩዌይ ሞተ። ልዑል ይሁን አይሁን፣ አገር ያጣ ልጅ የተሳላሚነት ልብስ ለብሶ አህጉር እንዳቋረጠ የማያጠራጥር ነው።

ከሱስንዮስ ቤተ መንግሥት ውድቀት በኋላ ከአገር የወጣ ሌላም ሰው አለ። አባ ጎርጎርዮስ የአማራ ምድር ልጅ ናቸው፤ የተወለዱት በመካነ ሥላሴ ነው። ከኢየሱሳውያን ጋር ስለነበሩ ፋሲለደስ ሚሲዮናውያኑን ሲያባርሩ አገራቸውን ለቀው ተሰደዱ፤ በመጨረሻም ሮም ገብተው በቅዱስ እስጢፋኖስ ተቀመጡ። በ1649 ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለ ሃያ አምስት ዓመት የሞላው ጀርመናዊ ለሌላ ጉዳይ ሮም መጥቶ የኢትዮጵያውያኑን ቤት አንኳኳ። ግዕዝን ከመጽሐፍ ብቻ ነበር የተማረው። ሲያነብላቸው አነባበቡ እንግዳ ሆኖባቸው ሳቅ አመለጣቸው። ያነበበውን መተርጎም ሲጀምር ግን ተደነቁ፤ ይህን ቋንቋ ያለ አስተማሪ የተማረ ፈረንጅ አይተው አያውቁም ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሁለቱ ወዳጅነት ለኢትዮጵያ ጥናት መሠረት ሆነ። በ1652 የሳክሰ ጎታው መስፍን ኤርንስት አባ ጎርጎርዮስን ወደ ጀርመን ጋበዙ። ሽማግሌው መነኩሴ የአልፕስን ተራራ ተሻግረው ሄዱ፤ በመስፍኑ ቤተ መንግሥት ወራት ተቀምጠው ስለ አገራቸው ሕዝብ፣ ሥርዐትና ታሪክ ለቀረበላቸው ጥያቄ ሁሉ መልስ ሰጡ። አማርኛውንም ለሉዶልፍ ያስተማሩት እርሳቸው ናቸው። ሉዶልፍ የኢትዮጵያን ታሪክ በ1681 አሳተመ፤ በ1698 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አወጣ። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው አማርኛ የሚያጠና ሰው የዚያ የቅዱስ እስጢፋኖስ ጓዳ ዕዳ አለበት። አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ለመመለስ ተነሡ፤ በ1658 መርከባቸው እስክንድሩን አጠገብ ሰጠመችና አለፉ።

ከዚያ ወዲህ ለሁለት መቶ ዓመት ገደማ የካቶሊክ ስም በጎንደር ክፉ ትዝታ ብቻ ነበር። በ1750ዎቹ መጀመሪያ ፍራንቸስካውያን እስከ ዳግማዊ ኢያሱ ቤተ መንግሥት ድረስ ዘልቀው ነበር፤ ብዙም ሳይቆዩ ተመለሱ።

በዚህ መካከል፣ በ1791፣ ጎጃም ውስጥ በመርጡለ ማርያም አካባቢ ዲቦ በምትባል መንደር ገብረ ሚካኤል ተወለደ። በልጅነቱ አንድ ዓይኑን አጣ። ያም ከትምህርት አልከለከለውም፤ ወደ መርጡለ ማርያም ገባ። ያቺ ደብር በእቴጌ ዕሌኒ ተሠርታ በኢየሱሳውያን ዘመን የታደሰች ናት፤ የፈረሰው ግድግዳዋ የተቀረጸ ድንጋይ አሁንም ያለፈውን ያሳያል። ወጣቱ ተማሪ ከዚያ ግንብ ሥር ዳዊት ሲደግም አደገ ማለት ነው። በሃያዎቹ አጋማሽ መነኮሰ፤ ከዚያም የምንኩስና ሕይወት ለምን እንደተዳከመ ሊያጠና ከገዳም ወደ ገዳም፣ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ዞረ። በጎንደር ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ቅባትና ጸጋ ብለው ሲከራከሩ ከነበሩት ሊቃውንት መካከል ተቀምጦ ተማረ፤ አስተማረ። ልቡ ግን አላረፈለትም።

በ1841 ደጃዝማች ውቤ አቡን ለማስመጣት ወደ ግብፅ መልእክተኞች ላኩ። አብሯቸው እንዲሄድ የለመኑት ጣሊያናዊውን የላዛሪስት ማኅበር ካህን ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስን ነው፤ ኢትዮጵያውያን በኋላ አቡነ ያዕቆብ ያሉት። እርሱ እሺ ሲል መልእክተኞቹ ከካይሮ ወደ ሮም አብረውት እንዲዘልቁ ጠየቀ። ገብረ ሚካኤል ኢየሩሳሌምን ለመሳለም ፈልጎ ከእነዚህ መልእክተኞች ጋር ተነሣ። ካይሮ ላይ የሃያ ዓመት ገደማ ልጅ እግር መነኩሴ አቡነ ሰላማ ተብሎ ተሾመላቸው። ጳጳሱ ወደ ኢትዮጵያ አቀና፤ ሌሎቹ ሮም ገቡ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ግሪጎርዮስ አሥራ ስድስተኛ በነሐሴ ተቀበሏቸው። ከዚያ በኋላ ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ።

ገብረ ሚካኤል በዚያን ጊዜ ሃምሳ ዓመት ሆኖት ነበር። ነገር ግን መንገዱን የጀመረው በሃያዎቹ፣ ከገዳም ገዳም ሲዞር ነው። ሮምን አይቶ ሲመለስ ወዲያው ሃይማኖቱን አልለወጠም፤ ሦስት ዓመት ያህል አሰበበት። በ1844 ዓድዋ ላይ የካቶሊክን ቤተ ክርስቲያን ተቀላቀለ። ማንም አላስገደደውም። በ1851 ስልሳ ዓመት ሲሞላው አቡነ ያዕቆብ ቅስና ሾሙት።

አቡነ ሰላማ፣ ያ በካይሮ የተሾመው ወጣት፣ አሁን ኃይለኛ ባላጋራው ሆኖ ነበር። በ1855 ዐፄ ቴዎድሮስ ሲነግሡ ገብረ ሚካኤል ታስሮ ቀረበ፤ ተገረፈ፤ ሞት ተፈረደበት። የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ስለለመነለት ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። በሰንሰለት ታስሮ የንጉሡን ሠራዊት እየተከተለ ሲጓዝ በዚያው ዓመት ክረምት በመንገድ ላይ ሞተ። አቡነ ያዕቆብም በ1860 በጉዞ ላይ ዐረፉ፤ መቃብራቸው ኤርትራ ውስጥ ሄቦ ነው። ለረጅም ዘመን የኢትዮጵያና የኤርትራ ካቶሊካውያን ወደ ሄቦ እየሄዱ ሲሳለሙ ኖረዋል። በ1998 ከተነሣው የድንበር ጦርነት በኋላ ለኢትዮጵያ ወጣቶች ያ መንገድ ሃያ ዓመት ተዘጋ። ከጠፋው ነገር ሁሉ ይህ እምብዛም አልተነገረለትም፤ ሊነገርለት ግን ይገባል።

በ1919 በነዲክቶስ አሥራ አምስተኛ በቅዱስ እስጢፋኖስ ለኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ኮሌጅ ከፈቱ። ማረፊያ የነበረው ቤት ትምህርት ቤት ሆነ። ፒዮስ አሥራ አንደኛ በ1930 በቫቲካን አትክልት ቦታ ውስጥ አዲስ ሕንፃ ሠሩለት፤ በቫቲካን ከተማ ቅጥር ውስጥ ያለ ብቸኛ ኮሌጅ ነው። እኚሁ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ገብረ ሚካኤልን በጥቅምት 1926 ብፁዕ ብለው ሰየሙት። አቡነ ያዕቆብ በ1975 ቅዱስ ተባሉ። ወጣት ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ካህናት አሁንም እዚያ ኮሌጅ ይማራሉ፤ ቅዳሴአቸውም በግዕዝ ነው።

በዓለም ዙሪያ የወጣቶች ጉዞ መልኩ ተለወጠ። ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛ በ1985 የዓለም ወጣቶች ቀንን ካቋቋሙ ወዲህ ወጣቶች በየጥቂት ዓመቱ በአንድ ከተማ ይሰበሰባሉ። በነሐሴ 2025 በኢዮቤልዩ ዓመት ከሮም ወጣ ብሎ ባለው ቶር ቬርጋታ ሜዳ ከርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ አሥራ አራተኛ ጋር ሌሊቱን የጸለዩት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ነበሩ። አውሮፕላን ወራት ይፈጅ የነበረውን መንገድ በሰዓታት ጨርሶታል። ለጣና ዳር ልጅ ግን ቪዛና የቲኬት ዋጋ ዛሬም የሲናን በረሃ ያህል ያርቁታል።

በአማራ ክልል ካቶሊካውያን በቁጥር እጅግ ጥቂት ናቸው። ለረጅም ጊዜም የአዲስ አበባ ሊቀ ጳጳሳት ሀገረ ስብከት አካል ነበሩ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በጥር 2015 የባሕር ዳርና የደሴን ሀገረ ስብከት አቋቁመው አቡነ ልሳነ ክርስቶስ ማቴዎስን የመጀመሪያ ጳጳስ አድርገው ሾሙ። ገብረ ሚካኤል የተወለደበት ጎጃምና የተማረበት ጎንደር በራሳቸው ሀገረ ስብከት ሥር የዋሉት እርሱ በሰንሰለት ከሞተ በ160 ዓመቱ ነው።